ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጨቅላ ሕፃናትን ሕመም ስለ መመዘን

በደብረ ማርቆስ ለነርሶችና ለማደንዘዣ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ከሞጣና ከቢቸና፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ሥራችሁን ለተረኞች ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣን ሕፃን ሕመም በግምት ማለፍ ትተን፣ በመመዘኛ አይተን፣ እንደ ሙቀትና እንደ ትንፋሽ ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ ልንጽፈው ይገባል።

«ሕፃን ምን ያውቃል» የሚለው አነጋገር የመንደር ብቻ አልነበረም። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በበለጸጉት አገሮች ትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳይዘጋ የቀረው የልባቸው የደም ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ሲዘጋላቸው፣ ጡንቻ ከሚያላላ መድኃኒት ጋር እጅግ ቀላል ማደንዘዣ ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ነርቫቸው ስላልበሰለ ሕመም አይሰማቸውም፣ ጠንካራውንም መድኃኒት አይችሉትም ተብሎ ይታመን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1987 ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ በኦክስፎርድ ባደረጉት ጥናት፣ ፈንታኒል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያልተጨመረላቸው ሕፃናት የጭንቀት ሆርሞኖቻቸው ከተጨመረላቸው ይልቅ እጅግ ከፍ ብለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የጤና እክል በዝቶባቸው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ አና ታዲዮ በካናዳ ያሳተመችው ጥናት፣ ያለ ማደንዘዣ የተገረዙ ወንዶች ልጆች ከወራት በኋላ ክትባት ሲወጉ ካልተገረዙት የበረታ የሕመም ምላሽ እንዳሳዩ አመለከተ። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን በሚገረዝበት አገር የምንሠራ ሰዎች ይህን ውጤት ሰምተን ማለፍ የሚቻለን አይመስለኝም።

ወደ መመዘኛዎቹ ልምጣ። ከሁለት ወር በላይ ለሆነው ልጅ የሚመቸው ፍላክ የሚባለው ነው፤ ፊትን፣ እግርን፣ የሰውነት እንቅስቃሴን፣ ልቅሶንና ሲያባብሉት የሚሰጠውን ምላሽ እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 2 ይመዝናል፤ ድምሩም ከ10 ይሆናል። 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መድኃኒት ሊታሰብ ይገባል። አዲስ ለተወለዱት ክራይስ የሚባለው አለ፤ ልቅሶን፣ የኦክስጅን ፍላጎትን፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ጭማሪን፣ የፊት ገጽታንና እንቅልፍ ማጣትን ያያል። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ ጥንቃቄ አለ። ክራይስ የኦክስጅን መጠን ከ95 በመቶ በላይ እንዲሆን ይጠብቃል፤ እኛ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንሠራ፣ ምንም ያላመመው ሕፃን እንኳ ከዚያ በታች ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን መጠን ጽፈን ካላቆየን፣ የደጋውን አየር እንደ ሕመም ልንቆጥረው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ፊት ነው። ቅንድብ ሲኮማተር፣ ዓይን አጥብቆ ሲጨፈን፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደው መስመር ሲጎደጉድ ካየን፣ ድምፅ ባይሰማም ሕመም አለ ብለን እንነሣ። መተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሕፃን በድምፅ ሊያለቅስ አይችልም። ያለ ጊዜው የተወለደው ወይም ሕመሙ የቆየበት ደግሞ ለማልቀስ አቅም አጥቶ ዝም ይላል፤ ይህን ዝምታ «ተኝቷል» ብለን የምንጽፈው ብዙ ጊዜ ነው። በጋቢ ተጠቅልሎ የተኛን ሕፃን ሳንገልጥ እግሩን መመዘን አይቻልም፤ ስለ ብርዱ ግን ቶሎ አይተን መልሰን እንሸፍነው። ልቅሶ ሁሉ ሕመም እንዳልሆነም አንርሳ፤ ረኃብ፣ ርጥብ ልብስ፣ የጠበቀ ፋሻ፣ ከደም ሥር የወጣ መርፌም ያስለቅሳል።

የማባበሉን ነጥብ ያለ እናት መሙላት አይቻልም። የጎጃም እናት ግን በሐኪም ፊት ቃሏን ትቆጥባለች፤ «እንዴት አደረ?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» ማለቷ የጨዋ ደንብ እንጂ የሕፃኑ ሁኔታ ዘገባ አይደለም። ስለዚህ «እታለም፣ ጡት እንደ ወትሮው ይጠባል? ሲታቀፍ ዝም ይላል ወይስ ይብስበታል? ልቅሶው ሲርበው ከሚያለቅሰው ይለያል?» ብለን ለይተን እንጠይቃት።

አሁን በእኔ እምነት ብዙ ስለምንቸገርበት ሰዓት ልናገር። ለሆድ ዕቃ መውረድና ከወገብ በታች ለሚሠሩ ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች፣ በወገብ ታችኛው ጫፍ የሚሰጠው የቡፒቫኬይን ማደንዘዣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል። ጠዋት የተሠራለት ሕፃን በማገገሚያ ክፍል ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ነጥቡም 0 ተብሎ ይጻፋል። ማደንዘዣው የሚለቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ሰዓት ተረኛ ከሚቀያየርበት፣ የሰውም ቁጥር ከሚቀንስበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ፓራሲታሞል ማደንዘዣው ሳይለቅ በፊት በክብደትና በዕድሜ ተሰልቶ መጀመርና፣ «ካለቀሰ ይሰጠው» ተብሎ ሳይሆን በተወሰነ ሰዓት መቀጠል ያለበት ስለዚህ ነው። ተረኛው ሲረካከብም ማደንዘዣው የተሰጠበትን ሰዓትና የመጨረሻውን ነጥብ አብሮ ይናገር። ስኳር ውኃ ለመርፌ ሕመም ቢጠቅምም ለተቀደደ ሆድ አይበቃም። ሞርፊን በታዘዘ ጊዜ የትንፋሽ ቁጥር ክትትልና የሞርፊን ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን በአቅራቢያ መኖር አለባቸው፤ ይህ ሲሟላ ግን ፍርሃት ብቻውን ሞርፊንን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። በደም ሥር ከሰጠን በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በአፍ ከሆነ በአንድ ሰዓት ገደማ ተመልሰን እንመዝን፤ ሁለተኛው ቁጥር ካልተጻፈ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያውቅ የለም።

ባልደረቦቼ፣ በየጠረጴዛችሁ ላይ የፍላክ ቅጽ ተቀምጧል። ቀጥሎ ወላጆች ፈቅደው የተቀረጹ አጫጭር ምስሎችን እናያለን፤ ጎረቤታችሁን ሳትጠይቁ ነጥባችሁን ጻፉ፤ በሁለት ሰዎች መካከል ከ2 በላይ ልዩነት ባየንበት ምስል ላይ ቆመን እንከራከራለን።