ዕድሜዬን ጠየቀኝና ጥሎኝ አለፈ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከኮምቦልቻ የደወለች ተማሪ፦ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው የምጽፈው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ዕድሜ፣ ቀጥሎ ጾታ «ኤም ወይስ ኤፍ» ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜዬን አስገብቼ ኢንተር ስነካ ሁለተኛውን ጥያቄ ያሳየኝና መልሴን ሳይጠብቅ ያልፋል። ላፕቶፔ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላፕቶፕሽ ደህና ነው እህቴ። 19 ጽፈሽ ኢንተር ስትነኪ የሚገባው 19 ብቻ አይደለም። ኢንተርም ራሱን የቻለ ፊደል ነው፤ ሲ የሚያውቀው በ10 ቁጥር ነው። የሚገባውን የሚያነበው ትእዛዝ ስካንኤፍ፣ ቁጥር አንብብ በሚለው ምልክት በፐርሰንት ዲ ቁጥሩን ያነሳና ኢንተሩን እዚያው ይተወዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ፐርሰንት ሲ፣ አንድ ፊደል አንብብ የሚለው ምልክት ደግሞ ያገኘውን አይመርጥም። ኢንተሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል።

መፍትሔው ያስቃል፦ በጥቅሱ ውስጥ ከፐርሰንት ሲ በፊት አንድ ስፔስ ጨምሪ። ስፔሷ የተረፈውን ኢንተር ታዘልለዋለች። ፐርሰንት ዲና ቃል የሚያነበው ፐርሰንት ኤስ ይህን ራሳቸው ያደርጉታል፤ ቁጥር ብቻ ስትጠይቂ ችግሩ ያልታየሽ ለዚህ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው ቋንቋ ላይ ከሚያነበው ከሲኢን ቀጥሎ ሙሉ መስመር የሚያነበው ጌትላይን ሲመጣም ያው ጣጣ አለ፤ እዚያ መሃል ላይ ሲኢን ዶት ኢግኖር ይገባል።

የተረፈውን ኢንተር ለማጥፋት ኤፍፍላሽ ኤስቲዲኢን ጻፊ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ኤስቲዲኢን የሚገባው ጽሑፍ መግቢያ ነው። እኔ አልመክርም። ኤፍፍላሽ ለሚወጣ ጽሑፍ እንጂ ለሚገባ አልተሠራም። አንዱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ጉድ ይሠራሻል።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ «ቁጥር አስገባ» የሚለው ጽሑፍ የሚመጣው ቁጥሩን ካስገባሁ በኋላ ነው። ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሚኒባስ አስበው። አንድ ሰው ስለተሳፈረ ይነሳል? ካልሞላ ንቅንቅ የለም። ጽሑፍ የሚያወጣው የሲ ትእዛዝ ፕሪንትኤፍም ጽሑፉን በፈር በሚባል ማቆያ ያጠራቅማል። ተርሚናል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባክስላሽ ኤን፣ ማለትም የአዲስ መስመር ምልክት ሲያገኝ ይነሳል። አንዳንድ አይዲኢ (ኮድ የሚጻፍበትና የሚሞከርበት ፕሮግራም) ላይ ግን በፈሩ ካልሞላ ወይም ፕሮግራሙ ካላለቀ አይወጣም። ከፕሪንትኤፉ ሥር ኤፍፍላሽ ኤስቲዲአውት ጻፍ፤ ኤስቲዲአውት የሚወጣው ጽሑፍ መውጫ ነው። ረዳቱ ሳይሞላ «ሳበው!» አለ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፦ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ክራሽ ካደረገ በፈር ውስጥ ያለው ጽሑፍ አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ስህተት ስትፈልግ «እዚህ ደርሷል» የሚለው ጽሑፍ ስላልታየህ ብቻ አልደረሰም ብለህ አትደምድም። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ሌሊት አጥቻለሁ።

ከደሴ፣ አንድ አባት፦ ልጄ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማረ ነው። 5 እና 3 አስገብቶ ሲደምር 53 ይለዋል።

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። ፓይተን 3 ላይ የሚገባውን የሚቀበለው ትእዛዝ ኢንፑት ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው የሚመልሰው፤ የመደመር ምልክት ደግሞ ጽሑፍን ከጽሑፍ ይቀጥላል። ኢንፑቱን ወደ ቁጥር በሚቀይረው በኢንት ቅንፍ ውስጥ ያስገባው፣ 8 ይመጣለታል።