የክት ቡትስ አትግዙ

ትዕግስት፦ ሰላም አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ አንድ ወንድማችን በድምፅ በላከልን ጥያቄ እንጀምራለን። ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ የአዳኝነት ኮርሱን ጨርሶ ፈቃድ አውጥቷል፣ ዘንድሮ አጋዘን ሊያድን ነው። ጥያቄው አጭር ናት፤ «ቡትስ ልገዛ ነው፣ 1200 ግራም ይሻለኛል ወይስ 2000?»

ሄኖክ፦ (ሳቅ) ወንድሜ፣ አላስካ ልትሄድ ነው እንዴ?

ትዕግስት፦ አትሳቅበት! እኔም እኮ ግራሙ የጫማው ክብደት ነበር የሚመስለኝ።

ሄኖክ፦ ለብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። በገበሩ ውስጥ ያለው ሙቀት መጠበቂያ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ገበሩ ይወፍራል።

ትዕግስት፦ ከወፈረ ይሞቃላ።

ሄኖክ፦ ቁጭ ካልሽ አዎ። ሚኒሶታ ውስጥ ዛፍ ላይ ወጥተሽ፣ ከንጋት እስከ ረፋድ ሳትነቃነቂ የምትጠብቂ ከሆነ 1200ውም ሊያንስሽ ይችላል። ቨርጂኒያ ግን ሌላ ነው። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይኖራል፣ ቀትር ላይ ጃኬትሽን አውልቀሽ ወገብሽ ላይ ታስሪያለሽ። ጆርጅ ዋሽንግተን ጫካ ዳገቱን በ1200 ግራም ስትወጪው ካልሲሽ በላብ ይርሳል። ላይ ደርሰሽ ቁጭ ስትዪ ደግሞ ያ ላብ ይቀዘቅዛል። ከዚያ «ቡትሱ አያሞቅም» ይባላል።

ትዕግስት፦ ሰውየውም ሄዶ 2000 ይገዛል።

ሄኖክ፦ የበለጠ ሊያልበው! ለሚሄድ ሰው እዚህ አካባቢ 200 ወይም 400 ግራም ይበቃዋል። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ በቀስት ለሚያድን ጭራሽ ያለ ገበር ይሻለዋል። ብርዱ ሲጠና የሱፍ ካልሲ ትጨምሪያለሽ። ገበሩን ግን አንዴ ከተሰፋ ወዲያ ማውለቅ አይቻልም።

ትዕግስት፦ ካልሲውስ ጥጥ ቢሆን ምናለበት?

ሄኖክ፦ ጥጥ ላብን መጥጦ ይይዘዋል፣ አይለቅም። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ደግሞ ሁለት ካልሲ ደርበሽ ጫማው ከጠበበሽ፣ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ እግርሽ ይብስ ይቀዘቅዛል። አንድ ደህና የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ትዕግስት፦ እሺ፣ ሱቅ ገባን እንበል። ግድግዳው ሙሉ ቡትስ ነው፣ ሻጩም እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?

ሄኖክ፦ መጀመሪያ ነገር ጠዋት አትሂጂ። እግር ሲቆምና ሲሄድ ይውላል፣ ወደ ማታ ያብጣል። ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ የአደን ካልሲሽን ይዘሽ። ከዚያ ክሩን ሳታስሪ እግርሽን ወደፊት ገፍተሽ ጣቶችሽን የጫማው አፍንጫ ላይ አስነኪ። ከተረከዝሽ ኋላ አንድ ጣት ከገባ ቁጥሩ ደህና ነው። አሁን አጥብቀሽ እሰሪና ቁልቁል ውረጂበት።

ትዕግስት፦ ሱቅ ውስጥ ቁልቁለት ከየት ይመጣል?

ሄኖክ፦ ብዙ የአደንና የተራራ ዕቃ መሸጫዎች ለዚሁ ብለው ትንሽ ተዳፋት አስቀምጠዋል። ከሌለ ደረጃ ፈልጊ። ስትወርጂ አውራ ጣትሽ ፊት ለፊት ከተጋጨ፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ መልሺው። ያ ጣት ማታ ጥፍሩ ጠቁሮ ነው የሚያድረው። ስትወጪ ደግሞ ተረከዝሽን ልብ በይ። ሶሉ ላይ ተቀምጦ ከቀረ ጥሩ ነው፤ በየእርምጃው ወደ ላይ የሚሾልክ ከሆነ፣ ገና የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርሺ ውሃ ይቋጥራል።

ትዕግስት፦ ይሄን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። የሴት ቡትስ የሚሉት ግማሹ የወንዱን አሳንሰው ጫፉን ሮዝ የቀቡት ነው። የሴት ተረከዝ በአብዛኛው ከወንድ ይጠባል፣ ስለዚህ ፊቱ ልክ ሲሆን ኋላው ይዋኛል። መግለጫው ላይ የሴት ቅርጽ ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀለሙን ተዉት።

ሄኖክ፦ የእኛ ሰው ችግር ደግሞ ፊቱ ነው። በልጅነቱ በባዶ እግር ወይም በሸበጥ የሮጠ ሰው ጣቶቹ ዘርዘር ብለው ነው ያደጉት። እዚህ አገር የወንድ መደበኛ ስፋት «ዲ» ይባላል፤ «ኢኢ» የሚል ሰፊ አለ፣ ጠይቁ። ስፋት ፍለጋ አንድ ቁጥር መጨመር መፍትሔ አይደለም፣ ተረከዙን ያሰፋዋል እንጂ።

ትዕግስት፦ ክብደቱስ? ከባድ ጫማ ጠንካራ ነው ይላሉ።

ሄኖክ፦ እግር ላይ ያለ አንድ ፓውንድ ጀርባ ላይ አምስት ፓውንድ ገደማ እንደመሸከም ነው ጉልበት የሚበላው። በየእርምጃው እያነሳሽ ትጥይዋለሻ። ስለዚህ ክብደቱን የምትከፍዪበት ምክንያት ይኑርሽ። ለምሳሌ ሶሉ የተሰፋ ከሆነ እኔ እከፍላለሁ።

ትዕግስት፦ ወደ ሶሉ እንምጣ። መቼም የአንተ ጉዳይ ሶል ነው።

ሄኖክ፦ ቡትስ የሚሞተው ከሶል ነዋ! ቆዳው ከታጠበና ከተቀባ ብዙ ዓመት ይኖራል። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ግን ሶላቸው በማስቲሽ የተጣበቀ ነው። በቆዳውና በታችኛው ጎማ መሀል ደግሞ ስፖንጅ አለ፣ ፖሊዩሪቴን የሚባል። ለእግር ይመቻል፣ እሱን አልክድም። ችግሩ ይሄ ስፖንጅ የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ባይደረግም፣ ካርቶን ውስጥም ሆኖ።

ትዕግስት፦ ሳይደረግ?

ሄኖክ፦ ሳይደረግ። አንድ ጓደኛችን አለ፣ ስሙን አልጠራም። ውድ ቡትስ ገዛ፣ ሁለት ወቅት አድኖበት «ይሄማ የክት ነው» ብሎ ጠርጎ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆበት፣ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠ። እናቶቻችን የበዓል ጫማ እንደሚያስቀምጡት። ከዓመታት በኋላ አወጣው፤ ቆዳው እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ከመኪና ወርዶ ትንሽ እንደሄደ የቀኙ ሶል ከኋላ ተገነጠለ። ጎንበስ ብለን ስናየው ስፖንጁ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ጣት ላይም ይለጠፋል። ጎማው ጭቃው ላይ ቀረ፣ ቆዳው እግሩ ላይ።

ትዕግስት፦ ውይ! ታዲያ እንዴት ተመለሰ?

ሄኖክ፦ በገመድ አስረነው። ሰውየው ጫማው ጫካ ውስጥ ከዳኝ ብሎ ነው የተናደደው፤ ጫማው ግን የሞተው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ቡትስ ያላችሁ፣ ወቅቱ ሳይከፈት አውጡና ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ስንጥቅ ካሳየ ወይም ካልተመለሰ ጫካ ይዛችሁት አትግቡ። ቅናሽ ላይ የተገኘም ቢሆን የተመረተበትን ጊዜ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ምላሱ ውስጥ የተሰፋ ወረቀት ላይ አለ። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛ ጫማ አዲስ አይባልም።

ትዕግስት፦ የተሰፋውስ?

ሄኖክ፦ ዙሪያውን አንድ ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ይዞራል። ቆዳው ከጥብጣቡ ጋር ይሰፋል፣ ሶሉም ከጥብጣቡ ጋር ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው የታችኛውን ክር ፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋልሻል፣ የላዩ ሳይነካ። ሲገዛ ውድ ነው፣ በመጀመሪያ ይደርቃል፣ እስኪለማመድሽ ያስቸግራል። ቢሆንም አንድ ቡትስ ብቻ ልግዛ ለሚል ሰው እኔ ይሄን ነው የምመክረው።

ትዕግስት፦ እኔ አልስማማም። ለጀማሪ ብዙ ነው። ገና አደን ይውደድ አይውደድ ሳያውቅ?

ሄኖክ፦ እሱም እውነት ነው። እንግዲያው ቀለል ያለ ገዝቶ ወቅቱን ይሞክር፤ የዘላለም ጫማ ነው ብሎ ግን አያስቀምጠው።

ትዕግስት፦ የዚያን የሜኑን ሰውዬ ታሪክ ንገራቸው፣ ደስ ይላል።

ሄኖክ፦ ሊዮን ሊዮንዉድ ቢን። ሜን ግዛት ውስጥ አዳኝ ነበር፤ እግሩ እየራሰ ተማረረ፣ ከባዱ የቆዳ ቡትስ ውሃ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1912 ከታች የጎማ ጫማ፣ ከላይ ቀላል ቆዳ አድርጎ አሰፋና በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ጥንዶች 90ው ተመለሱበት። ቆዳው ከጎማው ጋር የተሰፋበት ቦታ ተቀደደ።

ትዕግስት፦ ዘጠና!

ሄኖክ፦ ገንዘባቸውን መለሰ፣ ተበድሮ አሻሽሎ ሠራው። ያ ጫማ እስከ ዛሬ ይሸጣል፣ ጎማውም ሲያልቅ ይቀየራል። አየሽ፣ ያኔም ችግሩ የላይኛውና የታችኛው የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ትዕግስት፦ ከታች ያለው ቢጫ ምልክትስ? ሁሉም ቡትስ ላይ አየዋለሁ።

ሄኖክ፦ ቪብራም። ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ተራራ ወጪዎች አልፕስ ላይ ሞቱበት፤ የጫማቸው ነገር አስቆጨው። ከዚያ ከመኪና ጎማ አምራቹ ፒሬሊ ድጋፍ አግኝቶ በ1937 ጥርስ ያለው የጎማ ሶል አወጣ።

ትዕግስት፦ ከጎማ ፋብሪካ ጋር? በረባሶ ነዋ!

ሄኖክ፦ (ሳቅ) በረባሶ ከነጥርሱ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር፤ ምልክቱ ስላለ ብቻ አትገዙ። እርጥብ የኦክ ቅጠል ድንጋይ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅሽ፣ ጥርሱ ጥልቅና ዘርዘር ያለ መሆኑ፣ ጎማውም በጣም ያልደረቀ መሆኑ ነው የሚያዋጣሽ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ካለ ጭቃው ይሞላዋል፣ ያኔ ጥርስ የሌለው ሶል አደረግሽ ማለት ነው።

ትዕግስት፦ ውሃ የማያስገባ ገበርስ፣ ጎርቴክስ ምናምን?

ሄኖክ፦ ለጤዛና ለዝናብ ጥሩ ነው። ውሃው ከላይ ከገባብሽ ግን መውጫ የለውም፣ ለማድረቅም ጊዜ ይፈጃል። እሳት ዳር አታድርቁት ብቻ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹ ይለቃል። ወረቀት ጠቅጥቃችሁ ቤት ውስጥ ተዉት፣ ወረቀቱ ሲርስ ቀይሩት።

ትዕግስት፦ ስለዚህ ለወንድማችን መልሱ 400 ግራም፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሱፍ ካልሲ ይዞ።

ሄኖክ፦ ከገዛ በኋላም ቤት ምንጣፍ ላይ ጥቂት ቀን ይሂድበት፤ ካልተመቸው ደጅ ስላልወጣ ይመለስለታል። አሁኑኑ ቢገዛ ነው የሚሻለው። አጋዘኑም ከቀናው ኅዳር 15 ሳይገባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል።

ትዕግስት፦ አንተ ጾሙንም በቡትስ ቆጠርከው! መዥገሯንስ? ባለፈው ነግረኸኝ አላደረግኩም።

ሄኖክ፦ ፐርሜትሪን የሚባል የመዥገር መርጫ አለ፣ ለልብስ ተብሎ የሚሸጠው 0.5 በመቶው። ቡትሱንና የሱሪውን እግር ትረጪና ታደርቂዋለሽ። የአጋዘን መዥገር «ላይም» የምትባለውን በሽታ ታመጣለች፤ ኖቬምበር ሆነ ብላ አትተኛም፣ ቀኑ ሞቅ ሲል ትወጣለች።

ትዕግስት፦ ቤት ውስጥ ልርጨው?

ሄኖክ፦ ድመት አለሽ አይደል? እርጥቡ ለድመት መርዝ ነው። ደጅ አውጥተሽ ርጪ፣ እስኪደርቅ እዚያው ይደር።

ትዕግስት፦ ደጅ እኮ ዝናብ ነው።

ሄኖክ፦ እንግዲያው ጋራዥ። ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ግን ዝጊ፣ ያቺ ድመትሽ ሌባ ናት።