የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ለመስኮት ያወጣነው ገንዘብ ከታክስ ይቀነሳል?

አድማጭ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ባለፈው ኖቬምበር ለስምንት መስኮቶች ሙሉውን ከፍያለሁ። መጥተው የገጠሙት ግን ጃንዋሪ 2026 ነው። ሻጩ «600 ዶላር ከታክስ ታገኛለህ» ብሎኝ ነበር፤ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ደግሞ የለም አለ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያሳዝናል፣ ግን ታክስ ሠሪዎ ልክ ነው። ኃይል ቆጣቢ መስኮት ላስገጠመ ሰው የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት (የታክስ ቅናሽ) ከ2023 ጀምሮ የመስኮት ዋጋ 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 600 ዶላር፣ ከፌዴራል ታክስ ላይ ይቀንስ ነበር። እስከ 2032 ይቆያል ተብሎም ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ዲሴምበር 31፣ 2025 ላይ አቆመው። አይ አር ኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ ፌዴራል የታክስ መሥሪያ ቤት፣ የሚያየው የከፈሉበትን ቀን ሳይሆን ተገጥሞ ያለቀበትን ቀን ነው። ሻጩ ቃሉን በውሉ ላይ ጽፎት እንደሆነ ውሉን ይዘው ሄደው ይጠይቁት። ሌሎቻችሁም ዛሬ ቤታችሁ መጥቶ «ፌዴራል መንግሥት ይመልስላችኋል» የሚል ሻጭ ካለ፣ እባካችሁ አትፈርሙ።

እናት፣ በስልክ፦ ልጄ፣ የእኔ ባለፈው በጋ ነው የተገጠመው። የምኖረው በሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ ነው። ስንት ይሰጡኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ክሬዲቱ ያለብዎትን ታክስ ይቀንሳል እንጂ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። 400 ዶላር ታክስ ያለበት ሰው ቢበዛ 400ው ይቀነስለታል፤ የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ገቢዎ ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ ከሆነ የሚከፍሉት ታክስ ስለማይኖር የሚቀነስም የለም። ለእርስዎ የሚበጀው ዌዘራይዜሽን አሲስታንስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ብርድ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጣሪያውን ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዝ ሽፋን) ያለብሳል፤ ክፍያ የለውም፣ አዛውንቶችንም ያስቀድማል። ሜሪላንድ ውስጥ የሚያስተዳድረው የስቴቱ የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው። ልጆችዎ ማመልከቻውን ይሙሉልዎ።

አድማጭ፦ ላከራየሁት ቤት መስኮት ባስቀየርኩስ?

መልስ፦ አይያዝም። የራስዎ የሆነና ዋና መኖሪያዎ አድርገው የሚኖሩበት ቤት መሆን ነበረበት።

አድማጭ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ በ2023 ሦስት መስኮት አስቀይሬ 2,600 ዶላር ከፈልኩ። ክሬዲት እንዳለ የሰማሁት አሁን ነው። አመለጠኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና አላመለጠሽም። ግን ሁለት ነገር መጀመሪያ አረጋግጪ። አንደኛው የመስኮቱ ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኃይል ቆጣቢ ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ኢነርጂ ስታር የሚል ሰማያዊ ምልክት ብቻውን አይበቃም፣ «ሞስት ኢፊሸንት» የሚባለውን ደረጃ ማሟላት አለበት። መስታወቱ ላይ የነበረውን ወረቀት ልጣችሁ ጥላችሁት ይሆናል፤ ስለዚህ የሞዴሉን ስም ከሪሲቱ አይተሽ ማረጋገጫውን ከአምራቹ ጠይቂ። ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ነው። ለመስኮት የገጣሚው ክፍያ አይቆጠርም። ከ2,600ው 900 ዶላሩ የእጅ ዋጋ ከሆነ፣ የሚቆጠረው 1,700 ነው፤ 30 በመቶው 510 ዶላር ይሆናል። የመብራት ኩባንያ ለመስኮቱ ሪቤት (ከዋጋው ተመላሽ ገንዘብ) ሰጥቶሽ ከነበረ እሱንም አስቀድመሽ ቀንሺ። ደረሰኙ በደፈናው አንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ኮንትራክተሩ ለያይቶ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ከዚያ የ2023ቱን ታክስ በፎርም 1040 ኤክስ አስተካክለሽ፣ የክሬዲቱን ፎርም 5695 አያይዘሽ ላኪ። የ2023ቱን ታክስ በጊዜው ያለ ማራዘሚያ አስገብተሽ ከነበረ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2027 ጊዜ አለሽ።