በበልግ መግቢያ የሚያብብ ግቢ
(ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ለክረምት ተከላ ዝግጅት በግንቦት ወር የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማ በርና ከቀወት የመጣችሁ እንግዶች፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፣ መምህራንና ንብ አናቢዎች፤ ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም ላይ አበባ የሚያጣ ግቢ የለም። ማንም ሳይተክለው አደዩ ሜዳውን ይሞላዋል። ጭንቁ ከዚያ ወዲህ ነው። ጥቅምት አልፎ ውርጩ ሲገባ ሣሩ ይቃጠላል፣ ጥር ላይ አቧራው ይነሣል፣ የካቲት ሲደርስ ግቢያችን ከአጥሩ ድንጋይ ጋር አንድ መልክ ይይዛል። ንቡም የሚቀስመው ሲያጣ ያጠራቀመውን ማር ይበላል። ዛሬ የምናገረው ለዚህ ባዶ ወቅት ስለሚሆን፣ ቀድሞ ስለሚያብብ ቁጥቋጦ ነው። ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ ብሎ ይጠራል፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ለእኛ ከበልጉ ዝናብ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። እንግዲህ ቀድሞ የሚያብብ ስል ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አበባ የሚያሳየንን ማለቴ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የካቲት ላይ የሚፈነዳው የአብዛኛው ቁጥቋጦ እምቡጥ የካቲት ላይ የተፈጠረ አይደለም። ሌሊቱ በሚከፋበት በኅዳርና በታኅሣሥ ቅርንጫፉ ላይ ተቋጥሮ የቆየ ነው። ስለዚህ አበባውን የሚወስዱብን ሁለት ናቸው፤ ውርጩና ያለጊዜው የገባ መቀስ። ቁጥቋጦ ስትመርጡ «አበባው ያምራል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «እምቡጡ እኔ ግቢ ውስጥ ታኅሣሥን ይሻገራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መልሱ እንደየመንደራችሁ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይገኛል። በአንድ ዞን ውስጥ ውርጭና ቆላ አለን ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ አጥሩን በቀለም ያለበሰ ቡገንቪሊያ አይቶ ደብረ ብርሃን ላይ የሚተክል ሰው፣ ተክሉ ክረምቱን በደስታ አድጎ ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ሲጠቁር ያያል። ጥፋቱ የተክሉ አይደለም። በውጭ አገር ሥዕል ላይ የምናየው ቅጠል ሳያወጣ ቢጫ የሚያብበው ፎርሲቲያም እንዲሁ ነው፤ እሱ ወራት የሚዘልቅ ክረምት አልፎ ሙቀት ሲመጣ የሚነቃ ተክል ነው። የእኛ ሀገር ውርጭ ሌሊት ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ይሄዳል፤ እንዲህ ላለው ተክል አይመቸውም።

ለደጋው፣ ማለትም ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝና ለጣርማ በር ራስጌ፣ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለሀገሩ ተክል ነው። ቀጋን ተመልከቱ። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ነጭ ነው፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾሁ ከብት ይመልሳል። በመንገድ ዳር ስለምናየው ናቅነው እንጂ ከገዛነው ጽጌረዳ ይልቅ ውርጩን የሚያውቀው እሱ ነው። አሜጃም የደጋ ልጅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይራገፍም፣ ቢጫ አበባው ትልልቅ ነው። ዘሩ እንደ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ አትቅበሩት፤ በተነፋ አፈር ላይ በትናችሁ በእጅ ጫን ማድረግ ይበቃል። አንፋር ብርቱካን ቢጫ አበባውን በዘለላ ያወጣል፤ ንብ ይወደዋል፣ ቶሎም ያድጋል፤ ነገር ግን ቁመቱ ከቤት ጣራ ሊያልፍ ስለሚችል ከግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

ትሪ ሉሰርን ብዙዎቻችሁ ለከብት መኖ ታውቁታላችሁ። ነጭ አበባው በበጋ ለንብ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘሩ ቅርፊቱ ጠጣር ስለሆነ የፈላ ውሃ አፍስሳችሁበት፣ እዚያው ቀዝቅዞ እስኪያድር ተዉትና በማግስቱ ዝሩት፤ ያለዚያ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ሁለተኛው፣ ሥሩ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ይበሰብሳል። ለመኖ በየጊዜው የምትቆርጡት ዛፍም አበባ አይሰጣችሁም፤ ከአምስት እግር ሁለቱን ለአበባ ትታችሁ ሦስቱን ቁረጡ።

አስታን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ነጭ አበባው የደጋውን ዳገት ሲሸፍን ያያችሁ ሁሉ ግቢያችሁ ውስጥ ትመኙታላችሁ። ከጓሳ ወይም ከወፍ ዋሻ ደን ነቅላችሁ አታምጡ። የጓሳን መሬት የመንዝ ሰው ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ነው። ደግሞም ከዱር የተነቀለ አስታ ደቃቅ ሥሩ ተበጥሶ ስለሚቀር አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። ችግኝ ጣቢያ ከዘር ያፈላው ካለ እሱን ውሰዱ።

ከ2,500 ሜትር በታች ላላችሁ፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ለምትወርዱት፣ አጋም አለላችሁ። በበጋው መጨረሻና በዝናቡ መግቢያ ነጭና ሮዝ የቀላቀለ አበባ ያወጣል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፣ አጥርም ይሆናል። ለአጥር ከሆነ በችግኞቹ መካከል ከ50 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ለብቻው ከሆነ 2 ሜትር ስጡት። ጠንበለል ተንጠላጣይ ስለሆነ ከእንጨት ወይም ከሽቦ ድጋፍ ጋር ይተከል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቡገንቪሊያችሁን ትከሉ፤ ግን ፍግና ውሃ አታብዙበት። ሲጠግብ ቅጠል ያበዛል፣ አበባውን ይረሳል። ሲተከልም ሥሩን የያዘው አፈር ከተናደ ብዙውን ጊዜ ይሞታል፤ ስለዚህ ፕላስቲኩን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጣችሁ በምላጭ ቅደዱት።

የቦታ ጉዳይ ከዓይነቱ አያንስም። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ፣ በተለይ የድንጋይ አጥር መውጫውን ከዘጋበት፣ ይተኛል። አመዳዩ ጠዋት በመጨረሻ የሚለቀው የቱ ጋ እንደሆነ ኅዳር ላይ አይታችሁ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ አበባ አትትከሉ። በእኛ ሀገር ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ የቤቱ ወይም የድንጋይ አጥሩ ደቡባዊ ጎን ቀን ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት ይለቃል። ከደቡብም ደቡብ ምዕራቡ ይሻላል። በምሥራቅ በኩል ያለ ተክል ላይ ጨረሩ በማለዳ ይወድቅበታል፤ የቀዘቀዘው እምቡጥ በድንገት ሲፈታ ውስጡ ይጎዳል። ብዙ ሰው ተክሉ «ፀሐይ መታው» የሚለው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ዋልካ ላይ ነው። በዋልካ ላይ ትልቁ ስሕተት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ለስላሳ አፈር መሙላት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ ሥሩም ትንፋሽ ያጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ሰው ውሃ ጎደለው ብሎ ይጨምርበታል፤ ያ ይገድለዋል። በዋልካ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቆፍሩ፤ የወጣውን አፈር ከበሰበሰ የበግ ፍግ ጋር በሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ ፍግ ቀላቅሉ፤ ከዚያ ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ጉብታ ሥሩና እዚያ ላይ ትከሉ። በላይኛው በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይኑረው። ቀይና ገላጣ አፈር ያላችሁ ግን በወርድም በጥልቀትም 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ፍጉ ያልበሰበሰ ከሆነ ይሞቃል፣ ሥር ያቃጥላል፤ እጃችሁ ውስጥ ጨብጣችሁ ሲሸት የአፈር ሽታ ካልሰጠ ገና ነው።

ችግኝ ስትገዙ ረጅሙን አትሽቀዳደሙ። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያህል የሆነ ይበቃል። የፕላስቲኩን ታች ገልብጡና እዩ፤ ሥሩ ተጠማዝዞ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ከተተከለም በኋላ መጠቅለሉን አይተውም፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይታነቃል። እንዲህ ያለ ካላችሁ ታችኛውን 2 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ። ችግኙ የመጣው ከቆላ ከሆነ ደጋ ላይ ወዲያው አትትከሉ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላውንም ውሃውንም ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ አለማምዱት።

ተከላው ከሐምሌ ሥላሴ እስከ ሐምሌ ገብርኤል ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ምክንያቱ ከኅዳር ውርጭ በፊት ሥሩ እንዲይዝ አራት ወር ያህል ይፈልጋል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ቅጠሉ ያማረ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ገና ነው፣ ውርጩ ሲመጣ አይችለውም። ግንዱ ፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀበር፤ ከዚያ ጠልቆ ከተቀበረ አንገቱ ይበሰብሳል። ከመስከረም በኋላ ዩሪያ አታሳዩት። ከጤፍና ከስንዴ የተረፈ ዩሪያ ስላለ ብቻ ጥቅምት ላይ የሚጨምር ሰው ለውርጩ ለምለም ቀንበጥ እየቀለበ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ውርጭ የሚያሰጋበት ሌሊት የሚታወቀው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ሲቆም ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። አራት እንጨት ተክላችሁ ጆንያ አልብሱት፤ ጨርቁ ቅጠሉን አይንካ፣ ላስቲክ ደግሞ ፈጽሞ አይንካው። ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ግለጡት። ቀንበጡ ከተቃጠለም ለመቁረጥ አትቸኩሉ። የተቃጠለው ቅጠል ከሥሩ ላለው ሽፋን ስለሚሆን ጥር እስኪያልቅ ይቆይ።

አሁን ስለ መቀሱ። በአንዳንድ ግቢ ለገናና ለጥምቀት ሲጸዳ አጥሩም ቁጥቋጦውም አብሮ ይከረከማል። ግቢው ለበዓሉ ያምራል፣ የየካቲት አበባ ግን ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ቀጋ፣ አንፋርና ትሪ ሉሰርን አበባቸውን እንደጨረሱ ይገረዙ፣ ከሰኔ አይለፍ። ያረጀውን ግንድ ከሦስት አንዱን ከሥሩ አንሡ፤ ጫፍ ጫፉን እንደ ፀጉር ማስተካከል ቅርንጫፉን ያጨናንቃል፣ ውስጡ ፀሐይ አያገኝም። ከቀጋ ላይ ግን ፍሬ የምትፈልጉበትን ቅርንጫፍ ተዉት።

የገበያ ጽጌረዳ ከዚህ ደንብ ውጪ ነው። እሱ በአዲስ ቀንበጥ ላይ ያብባል። ከተገረዘ በኋላ ለማበብ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ይፈልጋል፣ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ በጥር መጨረሻ ግረዙት፤ ቀንበጡ ውርጩን ያመልጣል፣ መጋቢት መጨረሻ ገደማ ላይ ታዩታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ የገረዘ ሰው ቀንበጡን ለውርጭ ሰጠ። ከተዳቀለበት፣ ማለትም ከሌላ ተክል ሥር ጋር ከተጣበቀበት በታች፣ ከሥር በኩል የሚወጣውን ቀንበጥ ወዲያው አንሡ፤ ካለፈ የምትወዱትን አበባ አድክሞ የሥሩን ተክል ብቻ ያስቀርባችኋል። እምቡጡ ላይ ክሽክሽ ካያችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት እንጂ ያበበ ነገር ላይ መርዝ አትርጩ፤ ንቡ የሚመጣው እዚያው ላይ ነው።

ሁለት ተክሎች አበባቸው ቢያምርም አልመክርም። የወፍ ቆሎ ወፍ ዘሩን ስለሚበትነው ከግቢ ወጥቶ ግጦሽ ይወርራል፣ ከብትም ይመርዛል። ኦሊያንደር ከሥር እስከ አበባ መርዝ ነው፤ ሕፃናት ባሉበትና በትምህርት ቤት ግቢ አይተከል።

ጊዜው ግንቦት ነው፤ ባለፈው የካቲትና መጋቢት በየሰፈራችሁ ያበበው ቁጥቋጦ የትኛው እንደነበር ገና ታስታውሳላችሁ። በእናንተው ከፍታ፣ በእናንተው አፈር ላይ ቀድሞ ያበበ ማለት ፈተናውን ያለፈ ነው። ባለቤቱን ጠይቃችሁ ግንዱ ላይ ጨርቅ እሰሩና ዘሩ ሲደርስ ከእሱ ውሰዱ። ጉብታውና ጉድጓዱ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይዘጋጅ፤ ፍጉ ከአፈሩ ጋር አንድ ወር ገደማ ተዋሕዶ ይቆያል። ከዚህ ስትወጡ በስተቀኝ በኩል የዋልካ ጉብታ አሠራር በመሬት ላይ ተዘጋጅቷል፤ አካፋ የያዛችሁ እዚያው ሞክሩት።