ሰባት ቤት የማይቆጥረው ትል

[ምስል፦ ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጣና ዳር ያለ የቲማቲም ማሳ። አንድ እጅ የጠወለገ ተክል ይነቅላል።]

እስቲ ሥሩን እዩት። አብጧል፣ ተቋጥሯል። በበጋ ውሃ በሞተር እየሳበ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ተክሉ ሲጠወልግበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው የውሃ ማነስን ነው። እንዲህ ያለ ሥር ካገኘ ግን ጥፋተኛው ኔማቶድ የሚባል ጥቃቅን ትል ነው። ከአፈር ወደ ሥር ሲገባ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሥር ከሚያሳብጡት ኔማቶዶች መካከል በጣም የተስፋፋው ሜሎይዶጋይን ኢንኮግኒታ ወንድ አያስፈልገውም። ሴቷ ብቻዋን በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ልጆቿ ቁርጥ እሷን ናቸው። ዘመድ ከዘመድ ተጋባ ወይ ብሎ መጠየቅ እዚህ አይሠራም። ጋብቻው ራሱ የለማ!

[ምስል፦ በድንች ሥር ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ክብ ከረጢቶች፣ በማጉያ መነጽር።]

ጥያቄው የሚነሳው የድንች ጠላት በሆኑት፣ ግሎቦዴራ በሚባሉት ኔማቶዶች ላይ ነው። መነሻቸው የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ናቸው። እነዚህ ያለ ወንድ አይራቡም። ሴቷ ስትሞት ገላዋ ደርቆ እንቁላል የሞላበት ጠንካራ ከረጢት ይሆናል። አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ድንች ሲተከል እንቁላሎቹ ይፈለፈሉና እህትና ወንድም እዚያው ሥር ላይ ይሰፍራሉ። ትሉ በራሱ አቅም ከ1 ሜትር እምብዛም አይርቅም። ታዲያ ማንን ያግባ? እኛ ጋ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እሱ አንድም አይቆጥር።

ይህ በጂኖቹ ላይ ይታያል። እያንዳንዱ ትል ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የጂን ቅጂ ይወርሳል። ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት የመሆን ዕድላቸው ይጨምራል። ያለ ምርጫ ቢዳቀሉ ከ100 ትሎች 50ው የተለያየ ቅጂ ሊይዙ ሲገባ የተገኙት 40 ብቻ ከሆኑ፣ ጉድለቱ ከ50ው 10፣ ማለትም 0.2 ነው።

ወጥመድ ግን አለ። ዘራቸው የተለያየ ትሎች ካሉባቸው ሁለት ማሳዎች አፈር ወስዳችሁ ብትቀላቅሉ፣ ማንም ዘመዱን ሳያገባ ያው ጉድለት ይመጣል። ይህን ስዊድናዊው ተመራማሪ ስተን ዋሉንድ እ.ኤ.አ. በ1928 አሳይቷል። ናሙና ከአንድ ተክል ሥር መውሰድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ 10,000 ነጥቦች፤ አንዷ ቀይ። ከዚያ ቀዮቹ 21 ይሆናሉ።]

አሁን ወደሚያሳስበው እንምጣ። በሌሎች እንስሳት ዘንድ የዘመዳሞች መዳቀል ብዙ ጊዜ ደካማ ልጅ ያመጣል። ትሉን ግን ሊጠቅመው ይችላል። ኤች ዋን የተባለ ጂን ያለው ድንች ከግሎቦዴራዎቹ አንዱን፣ ግሎቦዴራ ሮስቶኪየንሲስን፣ ይቋቋማል። ይህን መከላከያ ለመጣስ የትሉ ሁለቱም ቅጂዎች ጣሽ መሆን አለባቸው። ጣሹ ቅጂ ከ100 አንድ ነው እንበል። ያለ ምርጫ ሲዳቀሉ ከ10,000 ትሎች የሚጥሰው 1 ነው። ጉድለቱ 0.2 ሲሆን 21 ገደማ! የተደበቀው ቅጂ ቶሎ ይወጣል ማለት ነው።

ከማሳ ወደ ማሳ የሚያሻግረውስ ማነው? እኛው ነን። ችግኝ ከነአፈሩ ሲሸጥ፣ ዶማና ቦቲ ሳይታጠብ ሲሻገር፣ የመስኖ ውሃ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ሲወርድ።

ቲማቲምም ኤምአይ የሚባል የመከላከያ ጂን አለው። ችግሩ፣ አፈሩ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይዳከማል። ይህን ሚያዝያ ላይ ለባሕር ዳር ሰው መንገር ትንሽ ያሳፍራል። ስለዚህ ዘሩን ብቻ አትመኑ። ለቀማው ሲያልቅ ያበጠውን ሥር ሰብስባችሁ አቃጥሉት፤ ቦይ ውስጥ ከጣላችሁት ውሃው ለታችኛው ጎረቤት ያደርሰዋል።