ሳንጠይቃት የቀረነው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አንዲት ጎረቤቴ፣ አብሬም ስለ ራሴ ጥፋት ልነግራችሁ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አለፍ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን ሁለት ዓመት ያህል ኖረናል። እኔ እትዬ እላት ነበር፤ የግቢው ሰው ግን የሚያነሣት በአረቄዋ ነበር። ጠዋት ቡና ተፈልቶ ስትጠራ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ተከናንባ ትመጣና ሲኒውን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ እንዲያም ሆኖ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ቡናው ቀሚሷ ላይ ይፈስሳል። ሁላችንም የምናየው የሚንቀጠቀጠውን እጅ ነበር፤ ነጠላው የሸፈነውን ጉንጭ አላየንም። አላየንም ማለቴም ልክ አይደለም፤ አይተን «ጠጥታ ወድቃ ይሆናል» ብለን ነው ያለፍነው።

አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ፣ «እትዬ፣ ለምንድን ነው ይህን ያህል የምትጠጪው?» አልኳት። ሳሙናውን አስቀመጠችና፣ «ሳልጠጣ ሲመታኝ እያንዳንዱን እቆጥረዋለሁ፤ ስጠጣ አልቆጥርም» አለችኝ። ከዚያ የልጇን ሸሚዝ ማለቅለቋን ቀጠለች።

ቀስ በቀስ እንደተረዳሁት፣ አረቄውን በሃይላንድ ጠርሙስ አስሞልቶ የሚያመጣላት ባሏ ራሱ ነበር። ነገሩ የተጀመረው እርሱ ጫት ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ሲቀመጥ አብራው እንድትጠጣ በማስገደድ ነው፤ ሰውነቷ ከለመደው በኋላ ግን ጠርሙሱ መቅጫ ሆነ። ሲቆጣ ይደብቅባታል፣ ሲታረቅ ይሰጣታል፤ ጥላው ለመሄድ ስታስብ ደግሞ «ለሰካራም እናት ልጅ የሚሰጥ ዳኛ የለም» ይላታል።

አንድ ሌሊት ደም እየፈሰሳት ወጥታ አብረን ወደ ፖሊስ ሄድን። ተረኛው የአፏ ጠረን ሲሸተው፣ «ስካርሽ ሲበርድልሽ ነይ» ብሎ መለሰን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል፤ ተጎጂዋ ካልጠጣች የሚል ቃል የለበትም። ተረኛውን ብቻ መውቀስ ግን ይከብደኛል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በዚያው ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች ባል ሚስቱን የሚመታበት ቢያንስ አንድ ተገቢ ምክንያት አለ ብለዋል። ያልጠጣችዋ ይህ ከተፈረደባት፣ ለጠጣችዋ ማን ይቆምላታል?

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ምክራችን ነው። «ተዪው በቃ» እያልን ወተወትናት፤ እርሷም አምናን በአንድ ቀን አቆመች። በማግሥቱ ሌሊት ሰውነቷ ተንዘፍዝፎ ራሷን ሳተች። ከጎረቤት ገሚሱ ጸበል ይሻላል አለ፤ ባሏም «ያለሱ እንደማይሆንላት አያችሁ?» አለን። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም እንደሚችል፣ ስለዚህም በሐኪም ክትትል ማቆም እንዳለበት ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። በበጎ ሐሳብ ልንገድላት ነበር።

ከጥቃት የሸሹ ሴቶችን የሚያስጠጋው ቤት «መጀመሪያ ሱሱን ተዪ» ካላት፣ ሱሱን የሚያክማትም ማታ ወደ ማን እንደምትመለስ ካልጠየቃት፣ ይህች ሴት በሁለቱም በር መግባት አትችልም። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ቀን መጠየቅ አለባቸው። ባሏ ባለበት ደግሞ መጠየቅ የለባቸውም፤ እኛ ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ያነጋገሯት እርሱን ከጎኗ አስቀምጠው ነበር፤ አንገቷን ደፍታ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፣ እነርሱም መርቀው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ «ለምን ትጠጫለሽ?» ብያት አላውቅም። «ዛሬ ሌሊት እንዴት ነበር?» እላታለሁ። ለብዙ ቀን «ደህና» ብቻ ስትለኝ ቆየች። አንድ ጠዋት ግን ባሏ ከወጣ በኋላ መጥታ፣ መታወቂያዋንና የልጇን የክትባት ካርድ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ «አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ፤ የምሄድ ቀን ቤት ገብቼ እንዳልፈልገው» አለችኝ። ሳጥኔ ውስጥ፣ ከልብሶቼ ሥር አስቀምጬላታለሁ።