ለወታደር የሚታደል ሰንጢ፦ ስዊስ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝ

[ምስል፦ ነጭ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀይ ሰንጢ]

ይህን ሰንጢ የማያውቅ የለም። ቀይ እጀታ፣ ነጭ መስቀል፣ የቡሽ መንቀያ። በዓለም ሁሉ "የስዊስ ጦር ሰንጢ" ይባላል። የስዊስ ጦር ግን ይህን ቀይ ሰንጢ ለተራ ወታደሩ አድሎ አያውቅም።

ለወታደሩ የሚታደለው ሌላ ነው። ቀለሙም ይለያል፣ ውስጡ ያለውም ይለያል። ዛሬ የምናየው እሱን ነው፤ ከጀርመንና ከእንግሊዝ ጦር ሰንጢ ጎን አድርገን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እነዚህ ሰንጢዎች ለውጊያ የተሠሩ አይደሉም። ወታደሩ ለውጊያ ጠመንጃ አለው፣ ጠመንጃው ላይ የሚሰካ ሳንጃም አለው። ሰንጢው የቀረውን የዕለት ሥራ ይሠራል። ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ብሎን ይፈታል። ውስጡ የታጠፉትን አንድ በአንድ ስታወጡ፣ የዚያ አገር ጦር "ወታደሬ የሚቸገረው በዚህ በዚህ ነው" ብሎ ያሰበውን ታያላችሁ።

[ምስል፦ የ1889 የስዊስ ጠመንጃ፣ በከፊል የተፈታታ]

የስዊሱ ታሪክ የሚጀምረው ከጠመንጃ ነው። በ1889 ጦሩ ሽሚት ሩቢን የሚባል አዲስ ጠመንጃ ተቀበለ። ጠመንጃው ጥሩ ነበር፤ ግን ለመፍታት ካቻቢቴ ይፈልጋል። ወታደሩ የቆርቆሮ ምግብም ይከፍታል። ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ዕቃ ከማደል ሁሉንም አንድ እጀታ ውስጥ ማጠፍ ይሻላል ተባለ። ሞዴል 1890 የተባለው ሰንጢ እንዲህ መጣ። አንድ ስለት፣ አንድ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ወስፌ። እጀታው ጠቆር ያለ የኦክ እንጨት። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ስዊዘርላንድ የመጀመሪያዎቹን 15,000 ሰንጢዎች ያሠራችው ጀርመን አገር ነው! የሠራቸው ዞሊንገን ከተማ የነበረው ቬስተር የተባለ ድርጅት ነው። ዞሊንገን ከጥንት ጀምሮ በቢላዋ የታወቀች ከተማ ናት። በወቅቱ ስዊዘርላንድ ውስጥ ያን ያህል ብዛት ማምረት የሚችል አልነበረም።

ሥራው አገር ቤት እንዲገባ የታገለው ካርል ኤልሰነር ነው። በ1884 ሽቪትስ ግዛት ውስጥ፣ ኢባኽ በምትባል መንደር ቢላዋ መሥሪያ ከፍቶ ነበር። የሙያ ጓደኞቹን አሰባስቦ በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። ችግሩ ዋጋ ነው። የዞሊንገን ፋብሪካዎች በርካሽ ያመርታሉ፤ እሱ አልቻለም። ከሰረ፣ ዕዳም ውስጥ ገባ።

ከዕዳ ያወጣው የዚያ ቀይ ሰንጢ ቅድመ አያት ነው። ጁን 12 ቀን 1897 "የመኮንኖችና የስፖርት ሰንጢ" ብሎ አስመዘገበው። ከወታደሩ ሰንጢ ቀለል ያለ ነው፤ ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ ተጨምሮበታል። ብልሃቱ ያለው ሞላው ላይ ነው። ያው አንዱ ሞላ በእጀታው በዚህም በዚያም ወገን ያሉትን መሣሪያዎች ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ነገር ጨምሮ እንኳ አልወፈረም። ጦሩ ግን በይፋ አልተቀበለውም፤ የቡሽ መንቀያ ለውትድርና የግድ አይደለም ተባለ። መኮንኖቹ ግን ከኪሳቸው እያወጡ ገዙት። ዝናው የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ የአሜሪካ ወታደሮች እየገዙ ወደ አገራቸው ወሰዱት።

ኤልሰነር ያቋቋመው ድርጅት ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የምንለው ነው። ብቻውን ግን አልነበረም። ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በዴሌሞን በኩል ቬንገር የሚባል ተፎካካሪ ነበረው። በ1908 መንግሥት የጦሩን ትዕዛዝ እኩል ለሁለት ከፈለላቸው። ጀርመንኛ ተናጋሪውም ፈረንሳይኛ ተናጋሪውም ቅር እንዳይለው መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር የሰንጢ ጨረታ እንኳ የብሔር ተዋጽኦ ይፈልጋል። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ቬንገርን ገዛውና ፉክክሩ አበቃ።

[ምስል፦ የብር ቀለም ያለው የ1961 ሰንጢ፣ መሣሪያዎቹ ተራ በተራ ሲወጡ]

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህ ነው፤ የ1961 ሞዴል። እጀታው አሉሚኒየም ነው፣ በእጅ እንዳያዳልጥ ተደርጎ ሸካራ ሆኗል። ታጥፎ 93 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለት፣ ወስፌ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ ከትንሽ ካቻቢቴ ጋር፣ ጠርሙስ መክፈቻ ከትልቅ ካቻቢቴ ጋር። መቀስ የለውም፣ መጋዝ የለውም፣ መቆለፊያም የለውም። ኪስ ውስጥ መኖሩ አይታወቅም። እስከ 2008 ድረስ ለወታደር ሲታደል ነበር፤ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው።

ቪክቶሪኖክስ ሁሉንም ክፍል እኩል ጠንካራ አድርጎ አይሠራም። ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ ስለቱ 56 ነው፣ ካቻቢቴውና ቆርቆሮ መክፈቻው 52፣ ሞላው 49። ስለት ስለቱን እንዲይዝ ጠንከር ማለት አለበት። ካቻቢቴ ያን ያህል ቢጠነክር ግን ብሎን ላይ ሲጠመዘዝ ቅርጭ ይላል። ሞላ ደግሞ ሥራው ብዙ ጊዜ ተለጥጦ መመለስ ስለሆነ ከሁሉም ይለሰልሳል። መንገድ ዳር የሚሸጡት አስመስለው የተሠሩ ሰንጢዎች ቶሎ የሚሰበሩት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ስለሚቆጥቡ ነው።

[ምስል፦ የወይራ አረንጓዴ ሰንጢ፣ እጀታው ላይ ንስር]

ወደ ጀርመን እንሻገር። አሁን ነገሩ ተገላበጠ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሻጭ የነበረችው ጀርመን፣ ለቡንደስቬር ጦሯ ሰንጢ ከስዊዘርላንድ መግዛት ጀመረች። የመጀመሪያው ትውልድ 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ እጀታ አለው፣ የጀርመን ንስር ተቀርጾበታል። ስለት፣ የእንጨት መጋዝ፣ ወስፌ አለው። የቡሽ መንቀያም አለው! የስዊስ ጦር አያስፈልግም ያለውን ጀርመኖች ለተራ ወታደር አደሉ። ለምን እንደሆነ የጀርመን ወታደር ጠይቁ።

በ2003 ሁለተኛው ትውልድ መጣ። ወደ 111 ሚሊ ሜትር አደገ። ስለቱ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ አውራ ጣት አስገብታችሁ በአንድ እጅ ትከፍቱታላችሁ። የስለቱ ከፊል ባለ ጥርስ ነው፣ ገመድና ቀበቶ በቶሎ ይቆርጣል። ሲከፈት ይቆለፋል፣ ጣት ላይ አይታጠፍም። አንድ እጃችሁ ሌላ ነገር ሲይዝ፣ ወይም ጓንት ስታጠልቁ፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። በጥፍር ከሚከፈተው ከ1961ዱ ጋር አይገናኝም።

ስዊሶቹ ይህን አይተው አልቀሩም። አዲስ ሰንጢ ሲፈልጉ ጨረታውን ለውጭ ድርጅቶችም ክፍት አደረጉት። አገር ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ፤ የስዊስ ወታደር በባዕድ ሰንጢ ሊዞር ነው ተብሎ። በመጨረሻ ያሸነፈው ያው ቪክቶሪኖክስ ነው። የ2008ቱ ሞዴል አረንጓዴ ነው፣ 111 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ የሚቆለፍ፣ መጋዝና ባለ መስቀል ካቻቢቴ ያለው። ከጀርመኑ ጋር አንድ ላይ ብታስቀምጧቸው ወንድማማች ናቸው። ጀርመኑ ደግሞ ታላቁ።

[ምስል፦ የእንግሊዝ ሰንጢ፣ ወስፌው ወጥቶ]

እንግሊዞች ሌላ ዓለም ናቸው። ሰንጢያቸው የመርከበኛ ሰንጢ ነው ማለት ይቻላል። የስለቱ ጫፍ ሹል አይደለም፤ ጀርባው ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ደልደል ያለ ቅርጽ አለው። በሚናወጥ መርከብ ላይ ገመድ ስትቆርጡ ራሳችሁን ወይም ጎረቤታችሁን እንዳትወጉ ነው። ቆርቆሮ መክፈቻ አለው። ከጎኑ ረጅም ወፍራም የብረት ወስፌ አለ። ብዙ ሰው ይህ ከፈረስ ኮቴ ጠጠር ማውጫ ነው ይላል። አይደለም። የገመድ ፈትሎችን ፈልቅቆ ለመቀጠልና የጠበቀ ቋጠሮ ለመፍታት ነው። በአንደኛውም በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ይህን ዓይነት ሰንጢ ያዙ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ሼፊልድ ነው። ኋላ የመጣው ሙሉ በሙሉ ከማይዝግ ብረት ነው፣ የእጀታው ጫፍ ራሱ ካቻቢቴ ሆኖ ያገለግላል። ከባድ ነው፣ ውበት የለውም፤ ግን የሚሰበር ነገር አጥቼበታለሁ።



[ምስል፦ አራቱም ሰንጢዎች በአንድ ላይ]

የትኛውን ልግዛ ለምትሉኝ፣ መልሱ የምትኖሩበት አገር ላይ ይወሰናል። እንግሊዝ ውስጥ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይፈቀዳል። የሚቆለፍ ከሆነ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለባችሁ፤ "ከስዊስ ጦር ነው የገዛሁት" ምክንያት አይሆንም። ጀርመን ደግሞ ከኤፕሪል 2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ከለከለች። ልብ በሉ፣ ጦሯ ራሱ የሚያድለው እንዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ለንደንም ሆነ ፍራንክፈርት ላላችሁ የእኔ ምርጫ የ1961ዱ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ስለቱ ሥር የተመታውን ዓመት ተመልከቱ፣ ስለቱም ተስሎ ተስሎ እንዳልቀጠነ አረጋግጡ። ጀርመን ውስጥ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ በሕዝባዊ በዓላትና በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ማንኛውም ቢላዋ ተከልክሏል፤ ጉዞ ካላችሁ ቤት ተዉት።